ጠይቁኝ፦ ቀን ወንበር ላይ፣ ማታ ኳስ ላይ፣ ስፖርቱስ መቼ?

ቀን ቀን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ሒሳብ እሠራለሁ። ከሥራ መልስና በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ነኝ። ቡድኔ ሲጫወት ግን ለሁለቱም ሥራ ስልኬ ዝግ ነው። «ኳስ ማየት ልተው እንዴ?» የሚሉኝ ስለበዙ፣ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ አልኩ። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በቀን 8 ሰዓት እቀመጣለሁ። ማታ ኳስ አለ። ስፖርት የምሠራበት ጊዜ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ የቡድንህን የጨዋታ ፕሮግራም አውጣ። ቀልዴን አይደለም። ደጋፊ የጓደኛውን ልደት ይረሳል፤ የደርቢውን ቀን ከነሰዓቱ ያውቀዋል። ይሄ እውቀት ለምን ሜዳ ላይ ብቻ ይቀራል? ጨዋታ ያለበት ቀን ላይ ምልክት አድርግና ከባድ ስፖርት አታስገባበት። ጨዋታ ከሌለባቸው ቀናት ሁለቱን ለጡንቻ ሥራ ያዝ። በሌሎቹ ቀናት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይበቃሃል። ፕሮግራሙ ሲቀየር ያንተም አብሮ ይቀየራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ነው። በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። ቁጥሩ ሲሰማ ያስፈራል። ግን አንድ ጨዋታ ከእረፍቱ ጋር 105 ደቂቃ ነው፣ ጭማሪው ሳይቆጠር። በሳምንት ሁለት ጨዋታ እያየ «150 ደቂቃ የለኝም» የሚለኝን ሰው ማመን ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ኳሱን እያየሁ ብሠራስ?

ይቻላል። ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ ሆኖ ማየት ግን አልመክርም። ጎል ሲገባ የዘለለ ሰው አይቻለሁ፤ አወራረዱ አያምርም። የቆመ ብስክሌት ይሻላል።

እኔ የምጠቀመው እረፍቱን ነው። 15 ደቂቃ ሙሉ ማስታወቂያና ትንተና ነው፣ ትንተናውን ደግሞ በጆሮ መከታተል ይቻላል። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ እነሳለሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ባለሁበት እየረገጥኩ ዳሌዬንና ትከሻዬን አፍታታለሁ። ከዚያ 10 ስኳት፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ መነሳት። 10 ፑሽአፕ፤ ለጀማሪ እጁን የሶፋው ጠርዝ ላይ ቢያሳርፍ ይቀልለዋል። ቀጥሎ አንድ እግር ወደፊት አስቀድሞ ዝቅ ማለት፣ በየእግሩ 8 ጊዜ። ትንፋሼን ሰብስቤ እደግመዋለሁ። አራት ዙር ስጨርስ ውሃ ለመጠጣት ጊዜ ይተርፈኛል። እየተመራን ከሆነ ፑሽአፑ ይፈጥናል፤ ለምን እንደሆነ አልመረመርኩትም።

ጥያቄ፦ ጂም አዘውትሬ እሄዳለሁ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። መቀመጡ የሠራሁትን ያጠፋብኛል?

አያጠፋብሽም እህቴ። ግን መቀመጡም ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ጥያቄ የቆየ ታሪክ አለው። ጄሪ ሞሪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ አሳተመ። ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ ባለሁለት ፎቁን አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ነው። የልብ ሕመሙ ሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ሰውዬው በዚህ አልቆመም፤ የደንብ ልብሳቸውን ልክ አየና ሾፌሮቹ ወገበ ሰፊ ሱሪ የሚለብሱ ሆኑ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ ከወንበሩ የመጣ ላይሆን ይችላል። ጥናት አንብቦ ለመደንገጥ መቸኮል ጥሩ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት ወጣ። ብዙ መቀመጥ ቶሎ ከመሞት ጋር የተያያዘ ነው፤ በቀን ከ60 እስከ 75 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሚያደርጉት ላይ ግን ግንኙነቱ ጠፍቶ ነው የተገኘው። አንድ ሰዓት ከየት ይመጣል ካልሽ፣ የጂሙ ሰዓት፣ መንገዱ፣ ደረጃው ሁሉ ይደመራል። ስልክ ሲደወልልሽ ተነስተሽ አውሪ። የምትጠጪበትን ብርጭቆ ትንሽ አድርጊው፤ ቶሎ ሲያልቅ ለመቅዳት ትነሻለሽ። እኔን ከማንቂያ ደወል ይበልጥ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ደወሉን በሦስተኛው ቀን ነው ያጠፋሁት።

ጥያቄ፦ ወገቤን ያመኛል። ውድ ወንበር ልግዛ?

ገንዘቡ ካለህ ግዛ፣ ግን ውድ ወንበር ላይም ሦስት ሰዓት ሳይነሱ መቀመጥ ያው መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ያለህን አስተካክል። እግርህ ወለሉን ይርገጥ፣ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንህ ትይዩ ይሁን። ላፕቶፕ ከሆነ ከፍ አድርገውና የብቻው ኪቦርድ ሰካለት። ሕመሙ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን እኔን አትጠይቀኝ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ደግሞ ዛሬውኑ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኳስ እንጫወታለን። ይበቃኛል?

ከምንም ይሻላል፣ በብዙ ይሻላል። የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። 27 ዓመቴ እያለ የመሥሪያ ቤቶች ውድድር ነበረን። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ወንበር ላይ ነበርኩ። ጫማ ቀይሬ በቀጥታ ገባሁ፤ ማሟሟቂያ የሽማግሌ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሥረኛው ደቂቃ አካባቢ ከኋላ የተጣለ ኳስ ላይ በሙሉ ኃይሌ ተፈተለክሁ። ታፋዬን ከጀርባ በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ። ማን ነው የመታኝ ብዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ከኔ አምስት ሜትር ቅርብ የሆነ ሰው አልነበረም። ስድስት ሳምንት አነከስኩ፤ ሁለት ትልልቅ ጨዋታዎችን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ነው ያየሁት።

ጭንቅላታችን ሳምንቱን ሙሉ የሚያየው ምርጥ ተጫዋቾችን ነው። አንድ አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ እኛም እግራችን ያንን የሚችል ይመስለናል። እግራችን ግን ሳምንቱን ጠረጴዛ ሥር ነው የከረመው። ፊፋ «11 ፕላስ» የሚባል ማሟሟቂያ አለው፣ 20 ደቂቃ የሚፈጅ፤ በትክክል የሠሩት ቡድኖች ጉዳታቸው ቀንሷል። ሃያው ከበዛባችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ፣ ከዝግታ ሩጫ ጀምሮ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ።

አንድ ልምምድ ብቻ ምረጥ ብባል ይሄን ነው። ተንበርከክ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይያዝልህ። ከጉልበትህ እስከ ትከሻህ ቀጥ ብለህ ቀስ እያልክ ወደፊት ውደቅ፣ መያዝ ሲያቅትህ በእጅህ ተቀበል። የኋላ ታፋ ጉዳትን በጣም ይቀንሳል። በአምስት ጀምር። በማግስቱ ትረግመኛለህ።

ጥያቄ፦ ኳስ ሳይ ልቤ በኃይል ይመታል። እንደ ካርዲዮ (ልብ የሚያሠራ ስፖርት) ይቆጠርልኛል?

ጥሩ ሙከራ ነው፣ አይቆጠርም። ልብህን የሚያስሮጠው አድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ሆርሞን ነው፤ ጡንቻህ ሥራ ፈት ነው። እንዲያውም ጀርመን የእ.ኤ.አ. 2006ን የዓለም ዋንጫ ስታዘጋጅ በሙኒክ አካባቢ የተደረገ ጥናት፣ ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት የልብ ድንገተኛ ሕመም ከ2 እጥፍ በላይ ማሻቀቡን አሳይቷል። ለጤናማ ወጣት የሚያስፈራ አይደለም። የልብ ሕመም ያለባቸው አባትህ አጠገብህ ተቀምጠው የሚያዩ ከሆነ ግን መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ጠይቃቸው።

ጥያቄ፦ ጨዋታው እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚያልቀው። ጠዋት ስፖርት አቃተኝ።

አትሥራ። ለአራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ብረት ማንሳት ጀግንነት አይደለም። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ቀን ስፖርቱን ከሥራ መልስ አድርገው። ለመንቃት ብለህ ማታ ቡና አትጠጣ፤ ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ የተቀናቃኝህን ቡድን ሽንፈት ለማየት ስንት ሌሊት አምሽተሃል? እሷን ቀንሳት። የራስህን ቡድን ጨዋታ ተው አልልህም።

ጥያቄ፦ በቀን 10,000 እርምጃ ግዴታ ነው?

አይደለም። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። ዛሬ 3,000 ከሆንሽ 5,000 ግቢ።

ጥያቄ፦ ቡድኔ ዛሬ ማታ ይጫወታል። ዛሬውኑ ልጀምር?

በእረፍቱ ጀምር፣ ሁለት ዙር ብቻ። ነገ ደረጃ ስትወርድ ታፋህ እምቢ ካለህ አትደንግጥ። ከነገ ወዲያ ይብስበታል፣ ከዚያ ይለቅሃል። የቀሩትን ጥያቄዎች ነገ እመለስባቸዋለሁ፤ የእኔም ሊጀምር ነው።