የፎር ዊሉ ማንሻ ወደ 2ኤች አልመለስ ሲል

በጉልበት አትጎትተው። አስፋልት ላይ በ4ኤች (አራቱም ጎማ ሲጎትት) ስትታጠፍ መኪናው ከከበደህና ማንሻው አሁን ወደ 2ኤች (ሁለቱ የኋላ ጎማ ብቻ ሲጎትቱ) አልመለስ ካለህ፣ ብዙውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። የተወጠረ ነገር ነው ያለው።

1. መሪውን ቀጥ አድርግ።
2. በኋላ ማርሽ ቀስ ብለህ ጥቂት ሜትር ሂድ።
3. እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳና መኪናው እየተንከባለለ ማንሻውን ወደ 2ኤች መልሰው። "ጧ" ካለ አትደንግጥ፤ ውጥረቱ ሲለቅ ነው።

እምቢ ካለ አፈር ወይም ጠጠር ላይ አውጣውና ድገመው።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። እንዲህ አስፋልት ላይ የሚወጠረው ያንተ ዓይነቱ መኪና ግን መሃል ላይ ዲፈረንሻል (የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ክፍል) የለውም። 4ኤች ስታስገባ የፊቱና የኋላው እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያቃልለዋል። ደረቅ አስፋልት ይሄን ዕድል አይሰጠውም፤ ጫናው ሁሉ የማርሽ ጥርሶቹ ላይ ያርፋል። እባክህ ደረቅ አስፋልት ላይ ዳግም 4ኤች አታስገባ።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ። ያገለገለ መኪና በገዛሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ወጪ ልቀንስ ብዬ የፊት ሁለቱን ጎማ ብቻ በአዲስ ቀየርኩ። ከዚያ ጠንካራ የአፈር መንገድ ላይ፣ ቀጥ ብዬ እየነዳሁ እንኳ ማንሻው ይይዘኝ ጀመር። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከአዲሱ የበለጠ ይዞራል፤ ሳትታጠፍም ይወጥረዋል። ዛሬውኑ ጎንበስ ብለህ የአራቱንም ጎማ ጎን ላይ ያለውን የመጠን ቁጥር አንብብ፣ የጥርሳቸውንም ጥልቀት አስተያይ። ካልተመሳሰሉ ፎር ዊሉን ከመጠቀምህ በፊት አራቱንም አንድ ዓይነት አድርግ።