ሞተሯ ቢቀየር ያቺው መኪና ናት?

የ1993 እ.ኤ.አ. ማዝዳ አርኤክስ-7 አለችኝ። ስትሞቅ አልነሳ ትላለች። ጓደኞቼ «ሮታሪውን (በፒስተን ፈንታ ሦስት ማዕዘን ሮተር የሚሽከረከርበትን ሞተሯን) አውጥተህ ኤልኤስ1 ቪ8 (የጀነራል ሞተርስን ስምንት ሲሊንደር ሞተር) አስገባ» ይሉኛል። ጸባይዋ አይበላሽም?

መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን (ሞተሩ ውስጥ አየር ሲታመቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ያስለኩ። ተራ የኮምፕሬሽን መለኪያ ለሮታሪ አይሆንም፤ የእያንዳንዱን ሮተር ሦስት ክፍሎች ለየብቻ የሚያሳይ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 250 ዙር ሲለካ አንዱ ክፍል እንኳ በካሬ ሳንቲሜትር ከ7 ኪሎ በታች ካነበበ፣ ወይም በክፍሎቹ መካከል ከ1.5 ኪሎ በላይ ልዩነት ካለ መታደስ አለበት። ባትሪው ከደከመ ዙሩ ስለሚወርድ ንባቡም በከንቱ ይወርዳል፤ በሙሉ ባትሪ ያስለኩ።

ቪ8ን በተመለከተ ሰው የሚፈራው ክብደቱን ነው። ግን የኤልኤስ1 ብሎክ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ ቱርቦና ኢንተርኩለሩም ከነቱቦዎቻቸው ስለሚወጡ ልዩነቱ ይጠባል። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። ሮታሪው ያለ ንዝረት 8,000 ዙር ይደርሳል፤ ጉልበቱን ለማግኘት ማርሽ እየቀያየሩ ማስጮህ አለብዎት። ቪ8ቱ ከታች ጀምሮ ስለሚጎትት ይህ ሁሉ ይቀራል። ፈጣን መኪና ትሆናለች፣ አርኤክስ-7 ግን አትሆንም። ቦዲዋ ንጹሕ ከሆነ ሮታሪውን ያሳድሱ። ያለ ሞተር በርካሽ የተገዛች ብትሆን ኖሮ አልከራከርም ነበር።

ኤምጂቢ (የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና) ላይ ቪ8 ማስገባት ነውር ነው?

ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. የሮቨርን 3.5 ሊትር ቪ8 ባለ ጣሪያዋ ጂቲ ላይ አስገብቶ ሸጧል። አሉሚኒየም ስለሆነ ክብደቱ ከዋናው የ1.8 ሊትር ብረት ሞተር ጋር ይቀራረባል። ብሎኩ ብረት የሆነ የአሜሪካ ቪ8 ከገባ ግን አፍንጫዋ ይከብዳል፤ ኩርባ ላይ መሪውን እያዞሩ ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች።

ለዳትሰን 240ዜድ ጥቂት ጉልበት ልጨምርላት እፈልጋለሁ።

ከ280ዜድ የወጣ ኤል28 ሞተር ያግኙ። ያው ስድስት በመስመር ነው፤ በነበረው የሞተር ጎሚኒ ላይ ይቀመጣል፣ ካምቢዮውም ሳይነካ ይገጥማል፣ ድምፁም አይለወጥም። ሁለቱን ኤስዩ ካርቡሬተሮች ማቆየት ይቻላል፤ ለ2.8 ሊትር ግን ቤንዚን የሚጨምር መርፌ ይፈልጋሉ። ይህን ከረሱ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩም ሲጫን ያንኳኳል። የድሮውን ኤል24 ሞተር እንዳይሸጡት! ቁጥሩ ኮፈኑ ስር ካለችው ሰሌዳ ጋር የሚገጥም ከሆነ ነገ የመኪናዋን ዋጋ የሚወስነው እሱ ነው። በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምረው፣ ካንዴላውን መልሰው፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

ሞተር ከቀየርኩ ወዲህ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትንቀጠቀጣለች።

በዚያው ፍጥነት ፍሪሲዮን ይርገጡ። የሞተሩ ዙር ወርዶ ንዝረቱ ካልጠፋ፣ ጎማውም ባላንስ ከሆነ ካርዳኑን ይጠርጥሩ። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ የካምቢዮውን መውጫና የዲፈረንሻሉን መግቢያ ማዕዘን ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፣ እያንዳንዱ ክሮቸራም (የካርዳኑ መታጠፊያ) ከ3 ዲግሪ በላይ ባይታጠፍ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ከካምቢዮው ጎሚኒ ስር ቀጭን ብረት ማስገባት ይበቃል። ካርዳኑ ተቆርጦ ከተበየደ ባላንስ መደረግ አለበት፤ ይህን የሚዘሉ በያጆች ብዙ ናቸው።

ሎስ አንጀለስ ነኝ። ሞተር ብቀይር ስሞግ (የካሊፎርኒያን የጭስ ምርመራ) ታልፋለች?

መኪናዋ የ1975 ወይም ከዚያ በፊት ሞዴል ከሆነች ከምርመራው ነፃ ናት። ከ1976 ወዲህ ከሆነች የሚገባው ሞተር ሞዴል ከመኪናዋ ዓመት ማነስ የለበትም፤ ካታሊቲኩ፣ ሴንሰሮቹና የቤንዚን ትነት መያዣው ሁሉ አብረውት መግባት አለባቸው፣ ከዚያ ሬፈሪ (ሞተር የተቀየረላቸውን መኪኖች የሚያረጋግጥ የስሞግ መርማሪ) ዘንድ ትቀርባለች። ከከባድ ጭነት መኪና የወጣ ሞተር አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሞተሩን ከመግዛትዎ በፊት ከምን መኪና እንደወጣ በጽሑፍ ይቀበሉ።