ሥራው ስንት ቀን ቆሞ ሊቆይ ይችላል?

ጥያቄ፦ ስድስት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። ባለፈው ዓመት በላይኛው ፎቅ የፈነዳ የውሃ ቧንቧ ሌሊቱን ሲያፈስ አድሮ፣ ጠዋት ስገባ ወለሉን ውሃ ሞልቶት አገኘሁት። የስፌት መኪኖቹን አድርቀን በአንድ ሳምንት ውስጥ ብናስነሣቸውም፣ የደንበኞች ልክና ቀብድ የሚመዘገብበት ደብተር ርሶ ጽሕፈቱ ስለጠፋ፣ ማን ምን እንዳዘዘና ስንት እንደከፈለ ለማጣራት አንድ ወር ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ አያስተኛኝም። ነገ ደግሞ እሳት ሊነሣ ወይም ጨርቅ አቅራቢያችን ሥራውን ሊዘጋ ይችላል። መቼና በምን መልክ እንደሚመጣ ለማላውቀው ነገር እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የደረሰብዎ ነገር በእጅጉ ያሳዝናል። ነገር ግን ከመኪኖቹ ይልቅ ደብተሩ የበለጠ እንደጎዳዎት ልብ ይበሉልኝ። ብዙዎቻችን ስለ ዝግጅት ስናስብ የአደጋ ዓይነቶችን መዘርዘር እንጀምራለን፤ ዝርዝሩ ግን ማለቂያ የለውም። ውሃም ይሁን እሳት፣ ወረርሽኝም ይሁን የመንገድ መዘጋት፣ ሥራዎን የሚያቆመው ከጥቂት ነገሮች አንዱን ሲነሣዎት ነው፤ እነዚህም የሥራ ቦታው፣ መዝገቡ፣ አቅራቢው፣ ገንዘቡ፣ ወይም ሥራውን የሚያውቀው ሰው ናቸው። ስለዚህ ስለ እያንዳንዳቸው «ነገ ጠዋት ባጣው ስንት ቀን እቆማለሁ?» ብለው ይጠይቁና መልሱ ከሚያስደነግጥዎ ይጀምሩ።

ገንዘቡን አስቀድሜ ላንሣ። ድርጅቱ ተዘግቶም ቢሆን ከመክፈል የማይድኑባቸውን፣ ማለትም የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ የብድር ክፍያና የመሳሰሉትን የአንድ ወር ወጪዎች ደምረው ለ30 ያካፍሉ፤ ከዚያም በእጅና በባንክ ያለዎትን ገንዘብ ለዚህ የቀን ወጪ ሲያካፍሉት ያለ ገቢ የሚቆዩበትን ቀን ያገኛሉ። የወሩ ወጪ 60,000 ሆኖ ያለዎት 50,000 ቢሆን፣ 25 ቀን ማለት ነው። ሥራው ያላለቀለትን ቀብድ ግን ከመቁጠርዎ በፊት ይቀንሱ፤ በእጅዎ ቢገኝም ገና የእርስዎ ገንዘብ አይደለም፣ ሥራ በቆመ ሰሞንም መልሱልኝ የሚለው ይበዛል። የአሜሪካው ባንክ የጄፒሞርጋን ቼዝ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የሚገኙ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ አነስተኛ ድርጅቶችን የባንክ ሒሳብ አጥንቶ፣ ግማሽ ያህሉ ገቢ ቢቋረጥባቸው ወጪያቸውን ከ27 ቀን በላይ ሊሸፍን የሚችል ገንዘብ እንዳልነበራቸው አሳይቷል። የእርስዎ ቀን አጭር ሆኖ ቢገኝ እንግዲህ ብቻዎን አይደሉም፤ በየወሩ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ወጪ እየለዩ በሌላ ሒሳብ ማስቀመጥ ይችላሉ።

መዝገብን በተመለከተ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የሚመክሩት ቀላል ደንብ አለ፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከሥራ ቦታው ውጭ። ለእርስዎ ደብተሩ ራሱ አንዱ ቅጂ ነው፤ ማታ ከመዝጋትዎ በፊት የዕለቱን ገጾች በስልክ ፎቶ ቢያነሡ ሁለተኛው፣ ፎቶው በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ ቢገባ ሦስተኛው ይሆናል። አልፎ አልፎ ደብተሩን ከድነው የአንድ ደንበኛን ልክ ከፎቶው ላይ ለማንበብ ይሞክሩ፤ የደበዘዘ ፎቶ ከራሰ ደብተር አይሻልም።

ኢንሹራንስ ካለዎት ውሉን ቁጭ ብለው ያንብቡ፤ ብዙ ሰው ውሉን የሚያነበው ከጉዳቱ በኋላ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። የእሳት ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት ላይሸፍን ይችላል፤ የንብረት ኢንሹራንስም መኪናውን ይተካል እንጂ መኪናው በቆመባቸው ቀናት የቀረውን ገቢ አይከፍልም፤ ለዚያ የሥራ መቋረጥ ሽፋን ለብቻው መገባት አለበት። ይህም ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በንብረት ላይ ጉዳት ሲደርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ 19 ምክንያት የተዘጉ ብዙ ድርጅቶች ካሣ ሲጠይቁ እንቢ የተባሉት ንብረታቸው ስላልተጎዳ ነበር። ዓረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ ለመቀነስ ብሎ ንብረትን ዝቅ አድርጎ ማስገመትም ያስጎዳል፤ 400,000 የሚያወጣን ንብረት በ200,000 ያስመዘገበ ሰው የ100,000 ጉዳት ቢደርስበት፣ በብዙ ውሎች የሚከፈለው ግማሹ፣ 50,000 ብቻ ነው።

ለጨርቁ ሁለተኛ አቅራቢ ይፈልጉ፤ ዋጋው በመጠኑ ቢበልጥም አልፎ አልፎ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ትውውቁን ያቆዩት። ሁለቱም አቅራቢዎች ከአንድ አስመጪ የሚወስዱ ከሆነ ግን ያለዎት አንድ አቅራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አንዲት መርከብ የስዊዝ ካናልን ለስድስት ቀናት ስትዘጋ፣ ከመርከቧ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ነጋዴዎች ሁሉ ዕቃቸው ዘግይቶባቸዋል። ከትልልቅ ደንበኞች ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥም ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንደሚያሳውቁና የማስረከቢያው ቀን በምን ያህል እንደሚራዘም ይግለጹ።

የመጨረሻው እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ቢተኙ ደመወዙን ማን ይከፍላል? ለሚያምኑት ሰው በባንክ የፊርማ ሥልጣን ይስጡ፤ የአቅራቢዎችን ስልክ፣ የኢንሹራንሱን ውል ቁጥር፣ የውሃና የመብራት ማጥፊያዎቹንም ቦታ በአንድ ገጽ ጽፈው አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለዋና ሠራተኛዎ ይስጡ። የቧንቧው ማጥፊያ የት እንዳለ ግን ነገ ጠዋት ስድስቱንም ሠራተኞች ይዘው ሄደው ያሳዩአቸው።