ደላላው «400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ላለህ ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼ ሁለት መስመር ጽፌ አጠፋሁት። እኔም መኪና ልገዛ ስጠይቅ በሁለት መስመር ሲመለስልኝ ነው የተሳሳትኩት፤ ስለዚህ ረዘም ቢልብህም ታገሰኝ።

ያልከው ይህን ነው፦ ደብረ ብርሃን ትኖራለህ፣ አምስት ቤተሰብ ናችሁ፣ ቪትዟን ሸጠህ ከቁጠባህ ጋር ከ3 ሚሊዮን ብር የማያልፍ ይዘሃል፣ አባትህ ሸዋ ሮቢት ናቸው፣ በወር አንዴ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ትፈልጋለህ፤ ደላላው «በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር» ብሎሃል። ጥያቄህ «የትኛዋን ልግዛ? ብርዱስ አይጎዳትም?» ነው።

እኛ የገዛነው በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ በኋላ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ። መኪናችን 43 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) የሚይዝ ባትሪ ያላት ትንሽ ባለ አምስት ሰው ናት። እውነቱን ልንገርህ፣ ዛሬ ወደ ቤንዚን ተመለሺ ብባል አልመለስም። የማደያ ሰልፍ ከረሳሁ ቆየሁ፤ የሞተር ዘይት የለም፣ የፍሬን ሸራም ገና አልቀየርንም። ነገር ግን ስገዛ የጠየቅኩት ስለ ስሟ፣ ስለ ቀለሟና ስለተመረተችበት ዓመት ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ሁለት ነገር ነው፦ ከባትሪዋ ምን ያህል ቀርቷል? የኔን ክፉ መንገድ ትችላለች ወይ?

ስለ 400ው ልጀምር። ያ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን የቻይና ፈተና ቁጥር ነው። አዲስ ባትሪ፣ ለዘብ ያለ አየር፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ ዳገት የሌለበት። እኔ ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ በሰዓት ከ80 እስከ 90 ስነዳ በ100 ኪሎ ሜትር ከ14 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። 43ቱን በዚያ አካፍለው፤ አዲስ ሆና እንኳ 290 አካባቢ ነው። ባትሪዋ ወደ 85 በመቶ ከወረደ 250። የመጨረሻዋን 15 በመቶ ደግሞ አስተዋይ ሰው አይነካትም፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፣ የምትደርስበት ቦታ መብራት ላይኖር ይችላል። የቀረህ 210 ገደማ ነው። ደላላው የነገረህን ቁጥር በግማሽ ቆርጠህ ያዝ፤ ከዚያ የሚተርፍህ ካለ ደስ ይበልህ።

አሁን ወደ አባትህ መንገድ እንምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በመንገዱ መሃል ያለው ጣርማ በር፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስትመለስ ያን ሁሉ ከፍታ መኪናዋ ተሸክማችሁ ትወጣለች። ስሌቱን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ እሠራላቸዋለሁ፦ ሰውና ዕቃ ጭና 1,800 ኪሎ የምትመዝን መኪና 100 ሜትር ሽቅብ በወጣች ቁጥር ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ለከፍታው ብቻ ትከፍላለች። ወደ 1,800 ሜትር ሲሆን 9 ነው፤ የሞተሩ ብክነት ሲታከል 10 ይደርሳል። ይህ ጎማው ለሚፈጨው መንገድና ለነፋሱ ከምትከፍለው በላይ ነው። ቁልቁል ስትወርድ መኪናዋ እያመነጨች መልሳ ትሞላለች፤ ግን የከፈልከውን ሁሉ አትመልስልህም፤ እኔ የማየው ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን ነው። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደርሶ መልስ ለእኛ መኪና 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል።

በገዛን በሦስተኛው ሳምንት ይህን ሳላሰላ ለሠርግ ወረድን። ስንነሳ 90 በመቶ ነበረች፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 62። «ይኸው፣ ገና ብዙ አላት» ብለን ተደሰትን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ልጆቹን ስላስቸገራቸው ኤሲ ከፍተን መኪና ውስጥ አስቀመጥናቸው። ስንመለስ 58። አርማንያን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወርዳል፤ ደብረ ሲና ስንገባ 25 በመቶ ቀረን። ጣርማ በር ገና ከፊታችን ነው፣ መሽቷል፣ ትንሹ ልጄ ይተኛል። ባለቤቴ «እንሞክረው» አለ፤ እኔ እንቢ አልኩ። የአንድ ዘመዳችን ቤት ገብተን ከግድግዳ ሶኬት ሦስት ሰዓት ሞላናት። ያገኘነው 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ያም ቤታችን አደረሰን። ያን ሌሊት የዋሻውን ብርድ እያሰብኩ፣ እዚያ ላይ ቆመን ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ነው ባትሪዋን ለመለካት የወሰንኩት። ሻጩ ስልኩ ላይ «የባትሪ ጤንነት 98 በመቶ» የሚል ጽሑፍ አሳይቶኝ ነበር። «እህቴ፣ ገና ያልተነካች ናት» ነበር ያለኝ። ከየት እንደመጣ ያልጠየቅኩት ቁጥር ነው። ከሁሉ የሚሻለው መመርመሪያ ግን እቤትህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የመብራት ቆጣሪህ ነው።

እንዲህ አድርግ። መኪናዋን መጀመሪያ እስከ 100 ሙላት። በተለይ ኤልኤፍፒ የሚባለው የባትሪ ዓይነት ካልሞላ የሚያሳየው መቶኛ ከእውነቱ ይርቃል፤ ሲሞላ ራሱን ያርማል። ከዚያ ነድተህ 20 ላይ አውርዳት። ማታ ቤት ስትገባ ምጣዱን፣ የውኃ ማሞቂያውን፣ ፍሪጁን ሁሉ አጥፋ፤ በኛ አገር ብርድ ለአንድ ሌሊት ምግብ አይበላሽም። ቆጣሪው እስከዚያች ሰዓት የቆጠረውን ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት ጻፍ፤ ቀሪውን ብር ሳይሆን። ከ20 እስከ 100 ሙላትና እንደገና አንብብ፤ በ2 ኪሎዋት ሶኬት ከሆነ ግን 16 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ እስኪሞላ ታገስ። ከግድግዳ ከወጣው ወደ 10 በመቶ የሚሆነው በሙቀት ይባክናል፤ ያን ቀንስና በ0.8 አካፍል። የኛ 33 ቆጠረ። 10 በመቶው ሲቀነስ 29.7፣ በ0.8 ሲካፈል 37። ስትሠራ 43.2 ነበረች። እንግዲህ 98 ሳይሆን 86 በመቶ ናት። ሁለተኛ ጊዜ ስለካ እዚያው አካባቢ መጣ።

86 በመቶ ለከተማ መኪና ምንም አይደለም፤ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ለሚመላለስ ሰው ዓመታት ታገለግለዋለች። ለአንተ መንገድ ግን ልዩነቱ ደብረ ሲና ላይ መቆምና አለመቆም ነው። ለዚህ ነው በተመሳሳይ ብር አዲስ መሳይ ትንሽ ባትሪ ያላትንና በዕድሜ የቆየች ግን ትልቅ ባትሪ ያላትን ቢያቀርቡልህ ሁለተኛዋን ውሰድ የምልህ። 60 ኪሎዋት ሰዓት የነበረው ባትሪ 80 በመቶ ቢቀረው 48 ነው፤ ከአዲስ 43 ይበልጣል።

ያለፈ ሕይወቷንም መርምር። አንዳንዶቹ ቻይና ውስጥ ታክሲ ሆነው የሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የኛዋ ዳሽቦርድ 31 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን ተበልቶ ለስልሷል፣ የኋላ መቀመጫውም ረግቧል። ይህን አይቼ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተህ አውጣ፤ ጭቃ ወይም የውኃ ምልክት ካለበት ጎርፍ የነካት ናትና ተዋት። ጋራዥ ወስደህ ከሥር አስነሳትና የባትሪውን ሆድ እይ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው ያለው፤ ኮረኮንችና የፍጥነት መቀነሻ ላይ የተላተመ ከሆነ ጎድጉዶ ታየዋለህ። የተሰነጠቀ ወይም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በምንም ዋጋ አትግዛ። ከፊት ያለችውን ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ አስለካ፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ አትነሳም።

አሁን ስለ ሶኬት። ሰው መኪና ገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚያስበው፤ አንተ ቀድመህ አስብ። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ ብዙዎቹ መኪኖች ጨርሶ አይሞሉም፤ ቢሞሉም ለልጆችህ አደጋ ነው። የኛ የመጀመሪያው ሶኬት በሁለተኛው ሳምንት ቀለጠ፤ ማከፋፈያ ተጠቅመን ስለነበር። ኤሌክትሪሽያን ጠርተህ ከቆጣሪው ቀጥታ፣ ለብቻው ብሬከር ያለው፣ 6 ካሬ ሽቦ አስዘርጋ። በ2 ኪሎዋት እንኳ ብትሞላ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 16 ኪሎዋት ሰዓት ታገኛለህ፤ ከከተማ ሳትወጣ ለምትነዳው ከበቂ በላይ ነው። ከ4 ሰዓት በፊት አትሰካ፤ ሰፈሩ ሁሉ ራት እየሠራ ስለሆነ ኃይሉ ይደክማል። መብራት ሁለት ቀን ሊጠፋ ስለሚችል እኛ ከ40 በመቶ በታች አናሳድራትም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ስማኝ፦ አባትህ ቤት አንድ ደህና ሶኬት አስገባ። ግራውንድ ያለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በበረንዳ። ምሳ በልታችሁ፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪፈላ ባሉት አራት ሰዓታት 8 ኪሎዋት ሰዓት ትገባለች፤ የጣርማ በርን ዳገት ከሞላ ጎደል ከፈልክ ማለት ነው። ለሽቦና ለሠራተኛ የምታወጣው ትልቅ ባትሪ ለመግዛት ከምትጨምረው ጋር አይወዳደርም። እኛ ደብረ ሲና ዘመዳችን ቤት እንዲህ አድርገን ተገላገልን። (ደብረ ሲና ወይም አንኮበር ለምትኖሩ፦ ቁልቁል ልትወርዱ ስትሉ እስከ 100 አትሙሉ። የሞላ ባትሪ የቁልቁለቱን ኃይል መቀበል ስለማይችል መኪናዋ በሞተሩ ራሷን መያዟን ትተዋለች፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ጣርማ በር እስኪደርስ ቦታ ይከፈትለታል።)

ስለ ብርዱ ጠይቀሃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ሂተሩ ብዙ ይበላል፤ ባትሪውም እስኪሞቅ ይሰንፋል። ገና ተሰክታ ሳለች ሂተሩን አስነሳው፤ ከግድግዳ ይበላል እንጂ ከባትሪህ አይበላም።

ስም ካልጠራሁልህ ደግሞ ጥያቄህን አልመለስኩም። ቢዋይዲ ሲጋል ዋጋዋ ደህና ነው፤ ግን ባለ አራት ሰው ናት፣ እናንተ አምስት ናችሁ። የቢዋይዲዎቹ ኢ2 እና ዶልፊን አምስት ሰው ይይዛሉ፤ ከ43 እስከ 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ኤልኤፍፒ ባትሪ ያላቸውን እይ፤ ቆጣሪው ላይ ከ90 በመቶ በላይ ካመጡ ለአንተ ይሆናሉ፣ የአባትህ ቤት ሶኬት ካለ 85ም ይበቃል። የዚያው የቢዋይዲን ዩዋን ፕላስ በበጀትህ ብታገኝ ከእነሱ ትሻላለች፤ ባለ 60ው አለ፣ ከመሬትም ከፍ ትላለች። ቮልስዋገን አይዲ 4 ምቹ ናት፣ ባለ ትልቁ ባትሪም ሩቅ ትሄዳለች፤ ግን ባዶዋን ወደ 2 ቶን ስለምትመዝን ዳገቱ ላይ አብዝታ ትከፍላለች፤ በርካሽ ከቀረበችልህ ለምን እንደረከሰች አጣራ። የቆየች ኒሳን ሊፍ አትግዛ፤ ባትሪዋን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ የላትም፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ይጎዳታል፣ የፈጣን ቻርጅ መሰኪያዋም እዚህ አገር ከተለመደው ጂቢቲ ከሚባለው የቻይና መሰኪያ የተለየ ነው። የምትገዛት የትኛዋም ትሁን፣ መሰኪያዋ ጂቢቲ መሆኑን ሳታይ አትክፈል።

ሊብሬውን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና የሻንሲ ቁጥሩን ማመሳከር እንደማንኛውም መኪና ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ሻጩ «አንድ ሌሊት ስጠኝ፣ ቆጣሪ ላይ ልለካት» ስትለው እንቢ ካለ ሌላ ፈልግ። እሺ ካለና የአንተ ቤት ሽቦ ገና ካልተዘረጋ፣ የኛ ግቢ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል፣ ቅዳሜ ማታ ይዘሃት ና። የዚያን ቀን ምጣድ አንጥድም።