ሰፈሩ በታሪኩ ውስጥ ሥራ ይኑረው

ሰላም እህቴ። «በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሚያልፍ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ያነበቡልኝ ሁሉ ሰፈሩ አይታየንም አሉኝ፤ መግለጫ ልጨምር?» ብለሻል። አትጨምሪ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው መግለጫ አይደለም፤ ቦታው በሰዎቹ ላይ ምንም ሳያደርግ መቅረቱ ነው።

ሁለት ወጣቶች በነሐሴ ማታ፣ በተያያዘ የጭቃ ቤት ውስጥ በምስጢር ያወራሉ እንበል። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፤ ስለዚህ ሹክሹክታ እንኳ በግድግዳው አናት ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ዶፉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ጎረቤት አይሰማም፤ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ችግሩ፣ እነሱም የታጠቁትን የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ኮቴ አይሰሙም። ዝናቡ ድንገት ቀጥ ሲል ደግሞ አንደኛው የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ ይውጠዋል። እዚህ ትዕይንት ላይ ጣራውን ወይም ወሩን ብትቀይሪ ታሪኩ ራሱ ይቀየራል። የምትፈልጊው ይህንን ነው።

በረቂቅሽ ላይ የቦታ መግለጫ በሆነው ሁሉ ሥር አስምሪ። ሲሰረዝ ትዕይንቱ የማይጎዳ ከሆነ ይውጣ። ቀጥሎ ገጸ ባሕሪዋ በዚያ ሰዓት የምትፈልገውን አንድ ነገር ጻፊና ቦታው በምን እንደሚያግዳት ወይም እንደሚረዳት አስቢ። ለአንድ ትዕይንት ሁለት ሦስት ዝርዝር ይበቃል፤ ቢያንስ አንዱ በዓይን የማይታይ ይሁን፤ የጋዝ ሽታ፣ የእርጥብ ጋቢ ክብደት። ሁሉንም መግቢያው ላይ አትከምሪ፤ በድርጊቱ መሃል ይግቡ።

ማን እንደሚያይም ለዪ። ያው ግቢ ለአከራይዋ የውሃ ቆጣሪ ነው፤ አምሽቶ ለሚገባው ተከራይ ግን ሲጢጥ የሚል የቆርቆሮ በር ነው። «ውብ»፣ «አስፈሪ» የሚሉ ቅጽሎች የማንም ዓይን ስላልሆኑ ምስል አይፈጥሩም።

ዘመኑ ላይ በጣም ጠንቀቅ በይ። ብሩ በ1969 ስለተቀየረ ጀግናሽ በ1970 የጃንሆይ ምስል ባለበት ኖት ሸቀጥ አትገዛም። ዛሬ መስቀል አደባባይ ሄደሽ ያየሽውንም እንዳለ አትገልብጪ፤ ያኔ ስሙ አብዮት አደባባይ ነበር፤ ቀላል ባቡሩም ሥራ የጀመረው በ2008 ነው። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ገብተሽ ታሪክሽ የሚያልፍበትን ወር የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጠይቂ፤ ከዜናው ይልቅ ማስታወቂያዎቹን አንብቢ። ሰው የዕለት ኑሮውን የሚኖርባቸው ነገሮች ያሉት እዚያ ነው።