በሱቅ የሞላው ወፍ በዱር ለምን ጎደለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜልበርን ነው። ለልጄ ዘጠነኛ ዓመት ልደት አንድ ጥንድ ጉልዲያን ፊንች ገዛሁላት፤ ወንዱ ራሱ ቀይ ነው፣ ሴቷ ጥቁር። ሰሞኑን መምህሯ እነዚህ ወፎች ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል እንደሆኑ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ «ከጫካ ሰርቀው ነው የሸጡልን፤ እንልቀቃቸው» እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። በየወፍ ሱቁ እንደ ልብ የሚሸጥ ወፍ እንዴት ይጠፋል? ብንለቃቸውስ ይኖራሉ? የራሳቸው ቀለም የተለያየውስ ዘራቸው ስለሚለያይ ነው?
እናት፣ ከሜልበርን

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አደራ የምልዎት እንዳይለቋቸው ነው። የዚህ ወፍ አገሩ የአውስትራሊያ ሰሜን ነው፤ ከምዕራብ አውስትራሊያው ኪምበርሊ ተነስቶ ሰሜናዊውን ግዛት ያካልላል። እኔ ካለሁበት ከዳርዊን እርስዎ ዘንድ በቀጥታ እንኳ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሜልበርንን ብርድ ቢችሉት እንኳ ዘራቸው የለመደው የሚበላ ሣር እዚያ የለም። ወደዚህ አምጥተው ቢለቋቸውም አይበጅም። ከትውልድ ትውልድ በሰው እጅ ሲቀለብ የኖረ ወፍ ጭልፊት መሸሽና ውኃ ያለበትን መፈለግ አይሆንለትም፤ ይዞት የመጣውን በሽታም ለዱሩ ሊያጋባ ይችላል።

ለልጅዎ ግን አንድ የምሥራች ይንገሯት፤ ወፎቿ አልተሰረቁም። ድሮ ከዱር እየተጠመዱ ይሸጡ ነበር፤ በኪምበርሊ በፈቃድ ማጥመድ የቀረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ነው። አውስትራሊያ የአገሯን ወፎች ወደ ውጭ መሸጥ የከለከለችው ደግሞ በ1960 ነው። ዛሬ በሱቅ የሚሸጡት እዚያው በሰው ቤት ተፈልፍለው ያደጉ ናቸው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚረቡትም እንዲሁ። የዱሩ ግን በአውስትራሊያ የፌዴራል ሕግ እስካሁን ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ነው የተመዘገበው። የሱቁ መብዛት ለዱሩ ምንም አይጨምርለትም፤ የዱሩ ሕይወት የተንጠለጠለው በሣርና በእሳት ላይ ነው።

እንዴት መሰለዎት? እኔ ያደግኩት ቆቦ ሜዳ ነው፤ ማሽላው ሲያፈራ ልጆች ሁሉ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ግሪሳ እንጠብቅ ነበር። ዳርዊን ስመጣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የዱር ማሽላ ሜዳውን ሞልቶት አየሁ፤ ማንም አልዘራው፣ ማንም አይጠብቀው። ጉልዲያን ፊንች ዓመቱን በአብዛኛው የሚኖረው በዚህ ነው። ሌሎች ወፎች ጫጩት ሲያሳድጉ ነፍሳት ይለቅማሉ፤ እሱ ግን ከሞላ ጎደል የሣር ፍሬ ብቻ ነው የሚበላው።

የዱር ማሽላው ዝናቡ ሊያልቅ ሲል ፍሬውን ያረግፋል። ፍሬው ረጅም ጭራ አለው፤ እርጥበት ሲያገኝ እየተጠማዘዘ ራሱን አፈር ውስጥ ይቀብራል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ያህል ጠብ የሚል የለም፤ ወፎቹም ይህን መሬት ላይ የተኛ ፍሬ እየለቀሙ ይከርማሉ፣ ጫጩትም ያሳድጋሉ። አገዳው እሳት ሲበላው ደግሞ መሬቱ ገላጣ ስለሚሆን ፍሬውን ማግኘት ይቀላቸዋል። ጠዋት ከተቃጠለ ጥቁር መሬት ላይ አረንጓዴ ጀርባ፣ ሐምራዊ ደረት፣ ቢጫ ሆድ ያለው ወፍ ሲመላለስ ማየት ምን እንደሚመስል በጽሑፍ ልነግርዎ አልችልም። እሳት ወዳጃቸው ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ከመጣ።

ችግሩ የሚመጣው በጥቅምትና በኅዳር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ መሬት ውስጥ የነበረው ፍሬ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ይበቅላል፤ የበቀለ ደግሞ አይበላም። አዲሱ ማሽላ ገና ወራት ይቀሩታል። ሰማዩ ዝናብ፣ ምድሩ ልምላሜ፣ ጎተራው ግን ባዶ፤ የአገራችን ገበሬ በሐምሌና በነሐሴ የሚያውቀው ዓይነት ረሃብ ነው። በዚህ ጊዜ የሚያተርፋቸው ከዓመት ዓመት ሥሩ የማይሞት ሣር ነው፤ ስፒኒፌክስና የኮካቱ ሣር የሚባሉት፣ ዝናቡ እንደገባ ቀድመው የሚያፈሩት። እነዚህ ደግሞ በበጋው ማብቂያ በሚነሳ ኃይለኛ ቃጠሎ ይጎዳሉ፤ ከብት ይግጣቸዋል፣ የዱር አሳማም ሥራቸውን ይምሳል። ወፉ የሚያልቀው በዚህች ክፍተት ነው።

የአገሩ ነባር ሕዝቦች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁት ነበር። ዝናቡ እንዳባራ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ያቃጥላሉ፤ እሳቱ ዝቅ ብሎ ይሄድና ማታ በጤዛ ይጠፋል። የተቃጠለው ላልተቃጠለው አጥር ይሆነዋል። ሕዝቡ ከመሬቱ ሲነሳና ከብት እርባታ ሲስፋፋ ይህ ቀረ፤ በምትኩ በመስከረምና በጥቅምት አገር የሚያዳርስ ቃጠሎ መጣ። አሁን በየአካባቢው ነባር ሕዝቦች የሚመሩት የጥበቃ ቡድኖች ሥራውን መልሰው ይዘውታል። በኪምበርሊም የአውስትራሊያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ሞርኒንግተን በሚባለው ጥብቅ ቦታው ዙሪያ ከከብት አርቢዎችና ከነባር ማኅበረሰቦች ጋር ሆኖ ከ2007 ጀምሮ በበጋው መጀመሪያ በሄሊኮፕተር እሳት እየጣለ ያቃጥላል። አንድ ሰው ለዚህ ወፍ ምን እናድርግለት ቢለኝ፣ ከምርምሩም ከጎጆ ሳጥኑም በፊት የማስቀድመው ይህንን ነው።

ሌላው የሚያስፈልጋቸው ያረጀ ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ባሕር ዛፍን የምናውቀው በምኒልክ ዘመን መጥቶ፣ ቀጥ ብሎ አድጎ፣ ለማገርና ለማገዶ ሲቆረጥ ነው። በትውልድ አገሩ ግን ሲያረጅ ይቦረቦራል፤ ጉልዲያን ፊንች ከአራት እስከ ስምንት እንቁላል የሚጥለው በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ አፋቸው ጥግ ላይ ሰማያዊ ዶቃ የመሰለ ነገር አላቸው። ዶቃው የገባችውን ትንሽ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ እናትና አባት በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ የሚጎርሰውን አፍ አይስቱትም። ለልጅዎ ይህን ቢነግሯት ደስ ይላታል።

ወደ ራሳቸው ቀለም ልመለስ። ዘራቸው አንድ ነው። በዱር ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥቁር ራስ ናቸው፣ አንዱ ቀይ፤ ቢጫው እጅግ ብርቅ ነው። ቀይና ጥቁሩን የሚወስነው በጾታ ክሮሞሶም ላይ ያለ ዘረ መል ነው። ቀይ ራሶቹ ቁጡዎች ናቸው፤ ጎጆና መኖ ላይ ሌላውን ይገፋሉ። አሁን ስለ እርስዎ ጥንድ በግልጽ ልናገር፦ ወንዱ ቀይ፣ ሴቷ ጥቁር ከሆኑ ጫጩት ሊሞትባቸው ይችላል፣ በተለይ ሴት ጫጩቶች። ሣራ ፕራይክና ሳይመን ግሪፊት የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ሥራ፣ ራሱ የማይመስላት ወንድ የደረሳት እናት አብላጫውን ወንድ ጫጩት እንደምትፈለፍል አሳይተዋል። ቀይ ራስ ወንድ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ከቀይ ራስ ሴት ጋር ሲገናኝ እንኳ እናቲቱ ያየችውን አምና ወንድ አበዛች። ስለዚህ እንቁላል ቢያበላሹ በእርስዎ አያያዝ አይፍረዱ። ሰፊ ቤት፣ ነፋስ የማይገባበት ሙቅ ጥግ፣ ለእንቁላል ጣይዋም ካልሲየም አያሳጧት።

ከዳርዊን ዳር ሊ ፖይንት በሚባለው ቦታ፣ ለመከላከያ ቤተሰቦች መኖሪያ ሊሠራ በታቀደበት መሬት፣ በ2022 እነዚህ ወፎች ታይተው ሥራው ቆሞ ነበር። በዓመቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ፈቀዱት፤ ከቅድመ ሁኔታው አንዱ ወፎቹ በሚጠጡበት ውኃ ዙሪያ ቦታ እንዲተው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ውኃ ብቻውን አይቀልባቸውም፤ የሚለቅሙት ሣር ከውኃው ርቆ ሜዳው ላይ ነው ያለው።

ልጅዎን ማሳየት ከፈለጉ በትምህርት ቤት ዕረፍት በመስከረም መጨረሻ ይዘዋት ይምጡ። ያን ጊዜ ውኃው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ስለሚቀር በሰሜናዊው ግዛት በካትሪን ከተማ አካባቢና በኪምበርሊዋ ዊንደም ወፎቹ በጠዋት ለመጠጣት ይሰበሰባሉ፤ ቆጠራ የሚካሄደውም በዚሁ ወቅት ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ይድረሱ፣ ከውኃው ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ የወፍ ድምፅ በስልክ አያጫውቱ። መጀመሪያ የሚያዩት ግራጫማ አረንጓዴ ወፍ ሊሆን ይችላል፤ ያ የዘንድሮ ጫጩት ነውና ሌላ ዓይነት ወፍ ነው ብለው አይለፉት። ብዙ ጫጩት ከታየ ዓመቱ መልካም ነበር ማለት ነው። ልጅዎ ሌላ ጥያቄ ካላት በራሷ እጅ ጽፋ ትላክልኝ፤ እመልስላታለሁ።