አዲስ ከተማን በእግር ስለ መተዋወቅ

ውድ ወጣቶች፣

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ከአገራችሁ ወጥታችሁ በሰው አገር ከተማ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ፣ ገና ዓመት ሳይሞላችሁ «ይህ ከተማ አልተስማማኝም» ስትሉ እሰማለሁ። ዕድሜዬን በከተማ ፕላን ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ ከፍርዱ በፊት ከተማውን ምን ያህል እንደምታውቁት ልጠይቃችሁ።

አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ምሁር ኬቪን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት፣ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች የከተማቸውን ካርታ ከአእምሯቸው እንዲስሉ ጠይቆ ነበር። ሰው ከተማን በልቡ የሚይዘው በመንገዶች፣ በወሰኖች፣ በሰፈሮች፣ በመገናኛ ቦታዎችና ከሩቅ በሚለዩ ምልክቶች እንደሆነ አስረድቶ፣ ይህ ሥዕል ግልጽ የሆነለት ሰው መረጋጋት እንደሚያድርበትም ጽፏል። አዲስ ገቢ የሚጎድለው ይኸው ነው። ከቤቱ ደጃፍ ባቡር ተሳፍሮ በሥራው ደጃፍ የሚወርድ፣ መንገድ ሲጠፋውም ዓይኑን ከስልኩ የማይነቅል ሰው ሁለት ቦታ ያውቃል እንጂ ከተማውን አያውቅም።

ስለዚህ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ፣ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱና ቀሪውን በእግር ሂዱ። ያው መንገድ ጠዋት ሠራተኛ ሲጣደፍበት፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ሲንጫጩበት፣ በበዓል ቀን ደግሞ ጭር ሲል መልኩ አንድ አይደለም። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች የት አብቅተው አዲሶቹ የት እንደሚጀምሩ፣ ትልልቆቹ ዛፎች በየትኛው ሰፈር እንደበዙ ስታስተውሉ፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ እኔ በበኩሌ ፍቅሩ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። በቀን ብርሃን እስከሆነ ድረስ መንገድ መሳታችሁም አያስቆጫችሁ።

ፍርዳችሁን በጨለማው ወቅት አትስጡ። ስቶክሆልምን በመሳሰሉ ወደ ሰሜን በራቁ ከተሞች የቀኑ ብርሃን በታኅሣሥ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በሰኔ ከ18 ሰዓት ይበልጣል፤ በከተማው ያሳበባችሁት ድብርት የፀሐይ እጦት ሊሆን ይችላል። ከትውልድ ስፍራችሁ ጋር ማወዳደሩም ሚዛኑ የተዛባ ነው፤ ያኛውን ከልጅነታችሁ ጀምሮ ስትመላለሱበት ኖራችኋል፣ ይኸኛውን ግን ገና መርገጣችሁ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የማትወዱት ከተማ ይኖራል፤ ለመኪና ብቻ ተሠርቶ እግረኛን የረሳ ከተማ እኔንም አይማርከኝም። ሌላ መፈለጉ ነውር የለውም፤ ያን ጊዜ ግን ያልተስማማችሁ ርቀቱ ይሁን፣ ብርዱ ይሁን ወይም ብቸኝነቱ ለይታችሁ ስለምታውቁት፣ ቀጣዩን ከተማ የምትመርጡት በዕውቀት ይሆናል።